ካርታው በማን ስም ነው? ከፍቺ በኋላ ቤትና ንብረት እንዴት ይከፈላል

ትዳር ሲፈርስ በመጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ቤቱ በማን ስም ነው?» የሚለው ነው። ዘመድ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሽማግሌም ይጠይቃል። ስሙ ካርታው ላይ ያለ ባል ልቡ ይሞላል። ስሟ የሌለ ሚስት ደግሞ ልጆቿንና ልብሷን ይዛ እናቷ ቤት ትገባለች። «ምን ላድርግ፣ ቤቱ የሱ ነው» ትላለች። ብዙ ጊዜ ግን ቤቱ የሱ ብቻ አይደለም።

ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ንብረቱ መቼ ተገኘ? በምን ገንዘብ ተገኘ? እነዚህን ሁለቱን በማስረጃ የመለሰ ሰው የክርክሩን ትልቁን ክፍል ጨርሷል።

የምናወራው ስለ ተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ የአማራ ክልል ለምሳሌ አዋጅ ቁጥር 79/1995 አለው። ስለዚህ ባህር ዳር ወይም አዳማ ያለ ሰው የክልሉን ሕግ ማየት አለበት። መሠረቱ ግን ተቀራራቢ ነው። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥም ሆነ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል።

የግል የቱ ነው? የጋራስ?

የግል የሚባለው ጠበብ ያለ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ንብረት የግላችሁ ነው። ከተጋባችሁ በኋላም ቢሆን በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳችሁ ብቻ የመጣ ነገር የዚያ ሰው የግል ነው። አባትሽ ሞተው የደረሰሽ ቤት ያንቺ ነው። አክስትህ በስምህ የሰጡህ መኪና ያንተ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል የጋራ ነው። ደመወዝ የጋራ ነው። የሱቁ ትርፍ የጋራ ነው። በዚያ ገንዘብ የተገዛው ቤት፣ መኪና፣ አክሲዮን፣ ፍሪጅ ሁሉ የጋራ ነው። አንዳቸው ሠራተኛ ሆነው ሌላቸው ቤት ቢውሉም ለውጥ የለውም። ሕጉ «ማን ስንት ብር አመጣ?» ብሎ አይቆጥርም። ልጅ ያሳደገችውና እንጀራ የጋገረችው ሚስት ድርሻዋ ያው ግማሽ ነው። ይህን ስል ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው አይጠፋም፤ «እኔ ለፍቼ እሷ ተቀምጣ» የሚል። ተቀምጣ አልነበረም። ሕጉም የተስማማው በዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር ይመጣል። የግል ንብረት የሚያስገኘው ገቢ የጋራ ነው። አባትሽ ያወረሱሽ ቤት ያንቺ ነው ብለናል፤ ከጋብቻው በኋላ በየወሩ የሚገባው የቤት ኪራይ ግን የሁለታችሁ ነው። ቤቱን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ከኪራዩ የተጠራቀመውን ግን ትካፈያለሽ።

ሌላው ወጥመድ የግል ንብረትን ሸጦ ሌላ መግዛት ነው። አንድ ሰው ከጋብቻ በፊት የነበረችውን መኪና ሸጦ፣ በጋብቻ ውስጥ ቦታ ገዛ እንበል። «መኪናዋ የግሌ ስለነበረች ቦታውም የግሌ ነው» ይላል። አይደለም። በጋብቻ ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ነገር የግል የሚሆነው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህን በግል ገንዘቤ ስለገዛሁት የግል ይባልልኝ» ተብሎ ተጠይቆ ሲወሰን ነው። ስንት ሰው ነው በሞቀ ትዳር መሃል እንዲህ ብሎ አቤቱታ የሚያስገባው? ማንም የለም ብል ብዙ አልሳሳትም። ያላስወሰነ ሰው ግን ሁሉንም ነገር አያጣም። የመኪናዋ ሽያጭ ገንዘብ የጋራው ኪስ ውስጥ መግባቱን ካስረዳ፣ ንብረቱ ከመከፈሉ በፊት ያንን ያህል ገንዘብ ቀድሞ ያነሳል። የሚያነሳው መኪናዋ የተሸጠችበትን ዋጋ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ብርና የዛሬ ብር አንድ አለመሆኑ ያንገበግባል፤ ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ዋጋው ነው።

የማስረዳቱ ሸክም የማን ነው?

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 የዚህ ሁሉ ማዕከል ነው ብዬ አምናለሁ። በአንዱ ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ ቢሆን፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አንብቡት ደግማችሁ። የጋራ ነው የምትለዋ ሚስት የጋራነቱን ለማስረዳት አትጨነቅም። የግሌ ነው የሚለው ባል ነው የሚጨነቀው። ካርታ ማቅረብ ብቻውን አያድነውም። ካርታው ከጋብቻው በፊት የተሰጠ መሆኑን፣ ወይም ቤቱ በውርስ የመጣ መሆኑን ማሳየት አለበት።

ስለዚህ ክርክሩ የቀን ክርክር ይሆናል። ችሎት ፊት የሚቀርበውን ፋይል ብታዩ፣ ፍቅርና ጥል የለበትም፤ ወረቀት ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት። የካርታው ቀን። የግንባታ ፈቃድ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ውል። ቀለሙ የለቀቀ የብረትና የሲሚንቶ ደረሰኝ። የባንክ ስቴትመንት። መሠረቱ ሲወጣ እዚያ የነበረ ግንበኛ ምስክር ሆኖ ይመጣል። «ቆርቆሮው የተመታው ከሠርጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይባላል። ጎረቤቶች ተከፋፍለው ይመሰክራሉ።

በጣም የሚያከራክረው ድብልቅ የሆነው ቤት ነው። ቦታው ከጋብቻ በፊት በባል ስም የተመራ ነው፤ ቤቱ ግን ከተጋቡ በኋላ በደመወዛቸው ተሠራ። ወይም ባል ከጋብቻ በፊት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረው፤ አብረው ሲኖሩ ሰርቪስ ሠሩ፣ ግቢውን አጠሩ፣ ፎቅ ጨመሩ። እዚህ ጋ «ሁሉም የኔ» የሚለውም «ሁሉም ይከፈል» የምትለውም አይሳካላቸውም። ከጋራ ገቢ የተሠራው ነገር ዋጋው ተለይቶ ግማሹ ይጠየቃል። በከተማ መሬቱ ራሱ የማንም የግል አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የሚከፈለው በላዩ ያለው ቤትና ከቤቱ ጋር ያለው የይዞታ መብት ነው። ስሌቱ ላይ የመሃንዲስ ግምት ይገባል። ጭቅጭቁም እዚያው ይገባል።

የባል ወይም የሚስት ጥፋትስ?

«እሷ ናት ትዳሩን ያፈረሰችው፣ ምንም አይገባትም» የሚል ንግግር በየሽምግልናው ይሰማል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ይህ ንግግር ጉልበት ነበረው፤ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራው ንብረት ድርሻ ሊቀነስበት ይችል ነበር። ዛሬ የለም። የጋራ ንብረት እኩል ለእኩል ይከፈላል። በደል የደረሰበት ወገን ካለ ፍርድ ቤት ተገቢ መስሎ ሲታየው በዳዩ ካሳ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ያ ግን ካሳ ነው፤ የቤቱን ግማሽ የሚነካ አይደለም። ልጆቹን ማን ያሳድጋል የሚለውም ድርሻውን አይለውጥም። ቀለብ ለብቻው፣ ክፍፍል ለብቻው ነው።

ልጆች ግን በአንድ ነገር ላይ ክብደት አላቸው። የፍቺው ጉዳይ እየታየ ሳለ ከሁለት አንዱ ከቤቱ ይውጣ ከተባለ፣ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ የበለጠ የሚጎዳውን ሰው ሁኔታ ያያል። ይህ ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው ቤቱን ወሰደው ማለት አይደለም፤ የወጣውም ድርሻውን አልጣለም። እናቷ ቤት የገባችው ሚስት ይህን ብታውቅ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ታዲያ አንድ ቤት ለሁለት እንዴት ይቆረጣል?

አብዛኛው ባለትዳር ያለው አንድ ቤት ነው። ሦስት ቤት ያለው ሰው ችግሩ ቀላል ነው፤ አንዱን ለአንተ፣ አንዱን ለሷ፣ ሦስተኛው ይሸጥ። አንድ ቤት ሲሆን ነው ነገር የሚጠብቀው። የሕጉ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ በዓይነት ይከፈል። ልዩነት ካለ በገንዘብ ይካካስ። በዓይነት መክፈል ካልተቻለ ይስማሙ፤ አንዱ ቤቱን ያስቀር፣ ለሌላው ድርሻውን ይክፈል። ካልተስማሙ ይሸጥና ገንዘቡን ይካፈሉ። በሽያጩ ሁኔታም ካልተስማሙ ሐራጅ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። አንድ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ የሠሩት ቤት ገበያው 6,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ባንክ የቀረ ብድር አለ፤ 900,000 ብር። ሚስት ከጋብቻ በፊት የነበራትን ንብረት ሸጣ 300,000 ብር ለግንባታው እንዳዋለች በባንክ ወረቀት አስረድታለች።

መጀመሪያ ዕዳው ይነሳል። 6,000,000 ሲቀነስ 900,000 ይሆናል 5,100,000። ቀጥሎ የሚስት የግል ገንዘብ ይነሳል። 4,800,000 ይቀራል። ይህ ነው የጋራው። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 2,400,000 ብር። ስለዚህ ሚስት በጠቅላላው 2,700,000 ታገኛለች፣ ባል 2,400,000።

ባል ቤቱን ላስቀር ካለ የባንኩን ዕዳ ይሸከማል፤ ለሚስትም 2,700,000 ብር ይከፍላል። ሚስት ላስቀር ካለች ዕዳውን ትሸከምና ለባል 2,400,000 ትከፍላለች። አየት አድርጉት፤ ሚስት ደረሰኟን ባትይዝ ኖሮ 150,000 ብር ይቀርባት ነበር። የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።

ይህን ገንዘብ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እውነተኛው ችግር እዚህ ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ «እኩል ይካፈሉ» ይላል። ከዚያ አፈጻጸም የሚባለው ሌላ መዝገብ ይከፈታል። ግምት ይታዘዛል፣ ግምቱን አንዱ ይቃወማል፣ እንደገና ይገመታል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ተጫራች አይመጣም። ቤቱ ውስጥ አንደኛቸው ስለሚኖሩ ገዢም ይፈራል። «የፍቺ ቤት ነው» ሲባል ደላላው ራሱ ዋጋ ያወርዳል። ሐራጅ የሁለቱንም ኪስ ይጎዳል። እኔ እንደማየው፣ ዋጋው ላይ ትንሽ ተሸንፎም ቢሆን መስማማት ሐራጅ ከመጠበቅ ይሻላል። በእልህ «ይሸጥ!» ያለ ሰው የሚቀጣው ራሱን ጭምር ነው።

የተለመደ ሌላ መውጫ አለ። ግቢው ሰፊ ከሆነና ሰርቪስ ካለው፣ አንዱ ዋናውን ቤት፣ ሌላው ሰርቪሱን ይይዝና ልዩነቱ በገንዘብ ይካካሳል። በወረቀት ያምራል። ከተፋቱ በኋላ በአንድ የግቢ በር መግባትና መውጣት፣ በአንድ ቆጣሪ መብራት መክፈል ምን እንደሚመስል ግን ያየ ያውቀዋል። አዲስ ሚስት ወይም አዲስ ባል የመጣ ቀን ደግሞ ተዉት።

ኮንዶሚኒየም፣ የቀበሌ ቤት፣ የገጠር መሬት

ኮንዶሚኒየም የራሱ ጠባይ አለው። በ1997 ተመዝግቦ ወይም በ2005 እንደገና ተመዝግቦ ዕጣ የወጣለት ሰው ብዙ ነው። ምዝገባው ከጋብቻ በፊት፣ ዕጣው ከጋብቻ በኋላ ሲሆን «የተመዘገብኩት እኔ ነኝ» ይባላል። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ ገንዘቡ ከየት ተከፈለ? ቅድመ ክፍያውና የየወሩ የባንክ ክፍያ ከጋብቻ ውስጥ ገቢ የወጣ ከሆነ ያ ገንዘብ የጋራ ነው። የቁጠባ ደብተሩንና የባንኩን ስቴትመንት አውጡ። ሌላው ነገር፣ በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ አለበት። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ትዳር ከፈረሰ «ይሸጥና እንካፈል» ማለት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ አንዱ ወስዶ ለሌላው ድርሻውን መክፈል የተሻለው መንገድ ይሆናል።

የቀበሌ ቤት ንብረታችሁ አይደለም። ከአዋጅ 47/1967 ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ እናንተ ተከራይ ናችሁ። ስለዚህ ዋጋው ተገምቶ ለሁለት አይከፈልም። ክርክሩ ማን በኪራይ ይቀጥላል የሚል ብቻ ነው።

ገጠር ሄደን ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተሩን እንክፈት። አማራ ክልል በተሰጠው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን አለ። ይህች ፎቶ ቀላል ነገር አይደለችም። ቀድሞ ሲፋቱ ሴቷ ወደ ወላጆቿ አገር ትመለስ ነበር፤ መሬቱ ከባል ጋር ይቀራል። አሁን የይዞታ መብቱ የሁለቱም ነው።

ቤቱ ሳይከፈል ቢሸጥስ?

ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። ነገሩ ሲሸት ባል ወይም ሚስት ቤቱን ለወንድም፣ ለእህት፣ ለጓደኛ «ይሸጣሉ»። ሕጉ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ውልና ማስረጃ ሲኬድ የትዳር ጓደኛ ፊርማ፣ ወይም ያላገባ ማስረጃ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ያላገባ ማስረጃ በሐሰት የሚያወጣ ሰው ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ያልፈረመው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ግን አጭር ነው። ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ባያውቅም እንኳ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳይሞላ። «ሽማግሌ ይጨርሰዋል» እየተባለ 6 ወሩ እንደ ቀልድ ያልፋል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን ቀኑ ሳያልፍ ይግባ።

ከሁሉ የሚሻለው መከላከል ነው። የፍቺ ወይም የንብረት ክስ ሲከፈት የእግድ ማመልከቻ አብሮ ይገባል። ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በመያዣ እንዳይሰጥ ለይዞታ አስተዳደሩ ትእዛዝ ይጻፋል። ለመኪና ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ለገንዘብ ለባንኩ። ባንክ ያለውን ገንዘብ ደግሞ «አለው» ብሎ መናገር አይበቃም። የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ፍርድ ቤቱ ስቴትመንት እንዲያስቀርብለት መጠየቅ ይችላል። ከፍቺው በፊት ባሉት ወራት ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ በዚያ ይታያል።

ዕዳም ይከፈላል

ስለ ንብረት ስናወራ ዕዳ ይረሳል። ለቤተሰቡ ኑሮና ለልጆቹ የተወሰደ ብድር የሁለቱም ዕዳ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢፈርምም። ለግል ጉዳይ የተወሰደ ዕዳ መጀመሪያ ከተበዳሪው የግል ንብረት ይከፈላል፣ ካልተገኘ ግን ወደ ጋራው ይመጣል።

ፍቺ በተቃረበ ቁጥር ዕዳ ይወለዳል። ድንገት ከአጎት 400,000፣ ከጓደኛ 250,000 የተበደሩበት ወረቀት ብቅ ይላል። ገንዘቡ በባንክ አልተላለፈም፣ ምስክሮቹ የአንድ ወገን ዘመዶች ናቸው፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ዳኞች ይህን ያውቁታል። «ብድሩ ለምን ዋለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ወረቀት ይረግፋል። ሕጉ ራሱ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር በ1992 ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚህ ገደብ ሁላችንም ስምምነት ሳንጠይቅ የተበደርን ነን።

ዕቁብም አይዘንጋ። የወጣ ዕቁብ ገንዘብ ነው፣ ወደፊት የሚጣለው ደግሞ ዕዳ ነው። ዕቃውን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ አለኝ፤ ስለ ብርድ ልብስና ስለ ሻይ ብርጭቆ ችሎት አትቁሙ። ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሶፋው ለማን፣ ቴሌቪዥኑ ለማን ተባባሉ። የጠበቃው ክፍያ ከቴሌቪዥኑ ይበልጣል።

ሰማንያ ሳይኖር አብሮ የኖረስ?

ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችም የንብረት መብት አላቸው። ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ያላነሰ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። «ወረቀት የለሽም፣ ውጪ» ለተባለች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማስረጃው የጎረቤት ምስክር፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የዕድር መዝገብ፣ የቤት ኪራይ ውል ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው የጋብቻ ውል ያላቸው ጥቂቶች ደግሞ አሉ። ውሉ በሕጉ መሠረት የተደረገ ከሆነ ክፍፍሉ በውሉ መሠረት ይሄዳል። ከተጋቡ በኋላ እርስ በርስ የሚፈራረሙት ወረቀት ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ጠብ በበረደ ማግስት «ቤቱን ለሷ ትቻለሁ» ብሎ በሦስት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አዝኖ ይመለሳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም መንገድ ነው፤ ሁለቱም ወገን ፈቅደው ከቀረቡ።

ውጭ አገር ላሉ

ቤይሩት ወይም ሪያድ ሠርታ በየወሩ ለባሏ የላከች እህት ታሪክ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ቤቱ በሱ ስም ተሠርቷል። በዚህ መልክ ከሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ የላከችው ደመወዝ የጋራ ነው፣ ቤቱም የጋራ ነው፣ የግሌ ነው የሚለው እሱ ያስረዳ። የሚያስፈራው ቤቱ በወንድሙ ወይም በእናቱ ስም ሲሠራ ነው። ያኔ ካርታው በሦስተኛ ሰው ስም ነው፤ አንቀጽ 63 የሚያወራው ስለ ባልና ሚስት ስም ነው። ስለዚህ ያንን ሰው ክሱ ውስጥ አስገብቶ፣ ገንዘቡ የማን እንደነበረ ማሳየት ግድ ይላል። የሐዋላ ወረቀቶቹን ማስቀመጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በእጅ የተላከ ገንዘብ ምስክር እንጂ ወረቀት የለውም። በራሷ ስም የከፈተችው ሂሳብ ውስጥ አስገብታ ከዚያ ለግንባታው ብታስወጣ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አሜሪካ የተፋቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። እዚያ ሕጉ እንደየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ በጋብቻ ውስጥ የተገኘውን እንደ ጋራ ሀብት ያያሉ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኔሶታ ደግሞ ዳኛው ፍትሐዊ ነው ያለውን ያከፋፍላል፤ ያ የግድ ግማሽ በግማሽ አይደለም። የዚያ አገር ዳኛ ስለ አዲስ አበባው ቤት ቢወስን እንኳ ወረቀቱን ይዞ ክፍለ ከተማ መሄድ አይበቃም። የውጭ አገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ያለውን መንገድ ማለፍ አለበት። እዚህ ያለውን ቤት እዚሁ ፍርድ ቤት ማስከፈል ብዙ ጊዜ ያሳጥራል። ለጠበቃ የሚላከው ውክልና ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይዘጋጃል። ውክልናው ውስጥ «መሸጥና ገንዘብ መቀበል» የሚለውን ማስገባት አለማስገባት የናንተ ውሳኔ ነው። እኔ ብሆን አላስገባም።

በስምምነት ስትፋቱ

ሁለቱም ፍቺውን ከፈለጉ የፍቺውንም የንብረቱንም ስምምነት ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ዳኛው በየተራ ያነጋግራል፤ ስምምነቱ በፈቃድ የተደረገ፣ ከሕግና ከሞራል ጋር የማይጋጭ መሆኑን ያያል። እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ካጸደቀው በኋላ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ስምምነቱን ስትጽፉ ቤቱን «ከነሙሉ መብቱ» እያላችሁ በጅምላ አትዝለሉት። የካርታ ቁጥሩን፣ ስፋቱን፣ የቤት ቁጥሩን ጻፉ። ገንዘቡ መቼ፣ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሂሳብ እንደሚከፈል ጻፉ። ክፍያው ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ጻፉ። የሚወጣው ሰው ቁልፍ የሚያስረክብበትን ቀን ጻፉ። የሰርቪሱ ተከራይ ከየትኛው ወር ጀምሮ ለማን እንደሚከፍል ጭምር። ይህ ካልተጻፈ እንደገና ችሎት ነው።

ባንኩ ደግሞ የናንተ ስምምነት ውስጥ የለም። «ዕዳውን እሱ ይክፈል» ብላችሁ ብትስማሙ፣ ዳኛም ቢያጸድቀው፣ የብድር ውሉ ላይ የፈረመች ሚስት ለባንኩ ያው ባለዕዳ ናት። እሱ መክፈል ቢያቆም ባንኩ እሷንም ይጠይቃል። ስለዚህ ስም ከማዞራችሁ በፊት ወደ ባንኩ ሂዱ፤ ብድሩ በአንዱ ስም ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ባንኩ የቀረው ሰው ገቢ ይበቃል ካለ አዲስ ውል ይፈራረማል። እምቢ ካለ፣ ስምምነታችሁ ውስጥ «ባንኩ ከጠየቀኝ የከፈልኩትን ይተካልኛል» የሚል መስመር ይግባ። ከዚያ ውሳኔውን ይዞ ክፍለ ከተማ ይኬድና ስሙ ይዛወራል። በትዳሩ ዘመን ተሰጥቶ የነበረው ውክልናም በዚያው ሳምንት ውልና ማስረጃ ተሄዶ ይሻራል።